ቤንዚኑ አልቆም ያለ ዕለት

ባለፈው ሳምንት በርበሬ ልገዛ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ነበር። ከጉሊት ሴቶቹ አለፍ ብሎ አንድ ጎልማሳ ቤንዚን በውሃ ኮዳ እየሞላ ይሸጣል። ሰውየውን ከማየቴ በፊት ሽታው ደረሰኝ፤ ሽታው ሲደርሰኝ የአጠገቤን ሱቅ በር ተደግፌ ቆምኩ። የሰው ወጣትነት በሽቶ ወይም በአበባ ይመለሳል ሲባል እሰማለሁ። እኔ የመሪጌታ ልጅ፣ ዕድሜዬን ጠመኔ ጨብጬ የኖርኩ ጡረተኛ አስተማሪ፣ የእኔው የሚመለሰው በቤንዚን ነው፤ ሲመለስ ደግሞ ደስታውን ብቻ ይዞ አይመጣም። አንዲት ባለሱቅ በርጩማ አውጥታ ደጃፏ ላይ አስቀመጠችኝ። "ምነው እማማ፣ አመምዎት እንዴ?" አለችኝ። "የለም ልጄ፣ ፀሐዩ ነው" አልኳት። ፀሐዩ ግን ገና ከደመና አልወጣም ነበር።

ባሌን ዘውዱን ፊቱን ሳላይ በጠረኑ አውቀው ነበር። ያን ጊዜ ገና ከማሠልጠኛ ወጥቼ ቆላ ድባ አስተምራለሁ፤ እሱ ጎንደር ላይ የመንገድ ቀያሾች ረዳት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ሲመጣ መጀመሪያ አቧራው ይታያል፣ ቀጥሎ የሞተሯ ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ ቤንዚን ቤንዚን የሚለው ሸሚዙ። ነጭ ተትረን ሸሚዝ፣ ከታች የሰፋ ቤልቦተም ሱሪ፤ ሱሪው በሰንሰለቱ እንዳይያዝበት ቁርጭምጭሚቱ ላይ በላስቲክ ያስረዋል። አፍሮው ላይ የእንጨት ሚዶ ሰክቶ አይረሳም። ሞተሯን የገዛት ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ ከአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ነው፤ የእንግሊዝ ሥራ፣ ታንከሯ የወይን ጠጅ ቀለም፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ካርቡራቶር። ቤንዚን ሊትሩ ብር አይሞላም። በስሙኒ ሲኒማ ይገባል፤ ሲኒማው ሲለቅ ፒያሳ ወርደን በሽልንግ ሻይና ኬክ እንበላለን። ከጥጉ ያለው ሙዚቃ ቤት አንድ የትዝታ ካሴት ብቻ ያለው ይመስል ከጧት እስከ ማታ ያንኑ ያዞራል፤ ሰዉም አይሰለችም፣ እየቆመ ይሰማል። እኔ ጉርድ ቀሚሴን እንዳላቆሽሽ ከመንገዱ ዳር ቆሜ፣ እሱ ሞተሯ ላይ እንደተቀመጠ አንድ እግሩን መሬት አስረግጦ፣ ምንም ሳንነጋገር ዘፈኑን እንጨርሰዋለን። ዛሬ በዚያ ጥግ የስልክ ቀፎ ይሸጣል።

አባቴ ሞተሯን አልወደዳትም። ደብራችን ውስጥ ዜማ የሚያስተምር ሰው ነው። ዘውዱ ሽማግሌ በላከ ጊዜ የተባለውን ሁሉ በጽሞና ሰማና "ልጁ ሸጋ ነው። ያች የምትጮኸው ግን በቤተ ክርስቲያን አጠገብ? ኢይደሉ! አይገባም!" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘውዱ ቅጥሩ ጋ ሳይደርስ ሞተሯን አጥፍቶ እየገፋ ነበር ወደ ደጃችን የሚያመጣት። ክረምት በጭቃ፣ በጋ በጠራራ። አባቴ ከደጀ ሰላሙ ሆኖ ይህን ሲያይ ሰነበተና አንድ ቀን "ለዚህ ልጅ ውሃ ስጡት" አለ። ጋብቻችን የጸደቀው በዚህች ቃል ነው።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አዘዞ እንወርድና አውሮፕላን ማረፊያው ማዶ ባለው ሜዳ መንዳት ያስተምረኛል። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ስቀመጥ የሚያልፉ ገበያተኞች ያማትቡ ነበር። በተጋባን ዓመት ደግሞ አዲ አርቃይ ድረስ ይዞኝ ወረደ። ደባርቅ ላይ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ሳልጠይቀው ኮቱን አውልቆ አለበሰኝ፤ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ስንይዝ እኔ ወገቡን አቅፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። "ክፈቺው እንጂ! ይህን ሳታዪ ልትሞቺ ነው?" እያለ ይስቃል። ስከፍተው ገደሉ ከእግሬ ሥር ነው፤ ተራሮቹ ደግሞ እንደ ተሰለፈ ሰው ፊት ለፊቴ ቆመዋል። ታች ወርደን የቆላው ሙቀት ሲቀበለን ኮቱን ተወልኝ ብል ውሸት ነው፤ ከላዬ አውልቆ ወሰደው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ሲበርድሽ ሳትጠይቂው ይሰጥሻል፣ ሲሞቅሽ ሳያፍር ይወስዳል።

የሞተሯ አመል ግን ካርቡራቶሮቿ ነበሩ። ዘውዱ "አልቃሾቹ" ይላቸዋል። አንዱ ሲድን ሌላው ያነባል። እሑድ ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ ጆንያ አንጥፎ ይፈታቸዋል፤ እኔ የፈታውን በሰሐን እቀበላለሁ። በኋላ እኔም ነገሩ ገባኝ። በካርቡራቶሩ ሆድ ውስጥ የእንቁላል ግማሽ የምታህል፣ ባዶዋን የተደፈነች የነሐስ ተንሳፋፊ አለች። ቤንዚን ሲሞላ ወደ ላይ ትነሣለች፤ ስትነሣ መርፌ የመሰለች ዘንግ ገፍታ መግቢያውን ትዘጋለች። ቤንዚኑ ሲጎድል ትወርዳለች፣ መግቢያው ይከፈታል። እሷ ከተበሳች ወይም መርፌዋ ሥር ቆሻሻ ከገባ ግን ቤንዚኑን ማንም አያቆመውም፤ ሆዱን ሞልቶ በአፉ ይፈስሳል። "ሞተር የሚያቃጥለው ይኸ ነው" ይለኝ ነበር፣ የጋለውን የሲሊንደር ክንፍ በጣቱ እያሳየ። "አንዲት ጠብታ እዚህ ላይ፣ አንዲት ብልጭታ፣ በቃ።"

ዓመታቱ ሄዱ። ልጃችን አድጎ አዲስ አበባ ገባ፤ እኛ ጡረታ ወጥተን አዘዞ ትንሽ ቤት ሠራን። ዘውዱ ሽበት አወጣ፣ አፍሮው ራሰ በራ ሆነ፣ ሞተሯን ግን በሳምንት አንድ ቀን ያስነሣታል፤ ያቆመው ልቡ ሲታመም ነው። ሐኪሙ "ልብዎ ደክሟል፣ ውሃውን ማስወጣት አቅቶታል" አለው። እግሮቹ አበጡ፤ ጋደም ሲል ትንፋሹ ይያዛል፤ ውሃውን የሚያሸና ክኒን በየቀኑ ይውጣል። እንዲህም ሆነን ደህና ነበርን። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ራዲዮ ይሰማል፣ እኔ ጎመኔን አጠጣለሁ፣ ሞተሯ መጋዘኑ ውስጥ ሸራ ለብሳ ትተኛለች።

ከዚያ ያ ክፉ ሳምንት መጣ። ምን እንደሆነ እኔ አልተነትነውም፤ የኖረበት ያውቀዋል። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ተቋረጠ፣ መብራቱ ጠፋ። ተኩሱ ቀን ከወደ ኮረብታው ይሰማል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይሰማል። ባጃጅ ከጎዳናው እንደ ትቢያ ጠፋ። ሞተር ሳይክል የነዳ ይተኮስበታል ተባለ። መድኃኒት ቤቶቹ ከተዘጉ ሰንብተዋል፤ የዘውዱ ክኒን አለቀ። እኔ ያለቀውን የክኒን መያዣ ፕላስቲክ ደጋግሜ እጨምቃለሁ፣ አንዲት ፍሬ ተሰውራ እንደሁ ብዬ። እግሩ በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ አይመለስም። ከዚያ እብጠቱ ወደ ላይ ወጣ፤ መተኛት ስላቃተው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ትራስ ታቅፎ መተንፈስ ጀመረ። ደረቱ ውስጥ የሚፈላ ድስት ያለ ይመስላል።

አንድ ጧት ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘሁት። ጎረቤታችንን አያ መልኬን ጠራሁ። ከጭልጋ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ የልጃቸውን ቤት ሊጠብቁ መጥተው መንገዱ ተዘግቶባቸው የቀሩ። ዋናው መንገድ ድረስ ሄደው ተመለሱ።

"ምንም የለም፣ ትርንጎ። ውሻም አያልፍ።"

"አምቡላንስ?"

"በምን ትጠሪዋለሽ?"

በቃሬዛ እንዳንወስደው ተሸካሚ የለም፤ ወንዶቹ ወይ ሸሽተዋል ወይ ከቤት አይወጡም። ጎንደር ያለው ሆስፒታል ደግሞ በእግር ለጤነኛም ሩቅ ነው። እኔ መሐል ቤት ቆሜ ወዲያ ወዲህ ስል ዘውዱ በእጁ ጠራኝ። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚወጣው።

"ሞተሯን... አስነሺያት። ሳይመሽ... መውጣት ነው።"

"ዘውዱ፣ ከቆመች ስንት ጊዜዋ?"

"አስነሺያት... አልኩሽ።"

እኔና አያ መልኬ ከነወንበሩ ተሸክመን መጋዘኑ በር ላይ አስቀመጥነው። ሸራውን ገፈፍኩ። ጎማዎቹን በብስክሌት መንፊያ ነፋሁ፤ አንዱ ይዟል፣ ሌላውም እግዜር ይመስገን ያዘ። ዘውዱ ለዕቃ ማጠቢያ ያስቀመጠው ቤንዚን በአንዲት ትንሽ ጀሪካን ከግማሽ በታች አለ። በከተማው ሙሉ የእኔ ቤንዚን ያ ብቻ ነው። ታንከሯ ውስጥ ግማሹን ጨመርኩና ከሥሯ ያለውን የቤንዚን መዝጊያ ከፍቼ በእግር ወደሚረገጠው ማስነሻ ዞርኩ።

"ትርንጎ! ይፈሳል!" አሉ አያ መልኬ።

ዝቅ ብዬ ሳይ ከካርቡራቶሮቹ ሥር እንደ ተከፈተ ቧንቧ ይወርዳል። መዝጊያውን እስክዘጋው አፈሩ ጠጥቶታል። መሬቱ ላይ የረጠበውን ክብ ሳይ ያለቀስኩት ለቤንዚኑ ነው ብል ማንም አያምነኝም፤ ግን ለቤንዚኑ ነው። ተንበርክኬ በሁለት እጄ አፈሩን ነካሁት። የባሌ ትንፋሽ እዚያ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

"ተነሺ" አለ ዘውዱ። "አትፍቺ ገና። ከየት... እንደሚፈስ... ሳታውቂ።"

ልክ ነው። ቤንዚን እንደ ሐሜት ነው፤ የሚንጠባጠብበት ቦታና የወጣበት ቦታ አንድ አይደለም። ከላይ ተነሥቶ ቱቦውን ተከትሎ፣ ብረቱን ዞሮ ታች ይወርዳል። ሁሉንም በጨርቅ አድርቄ ቆምኩ። ከዚያ የጠመኔ ሣጥኔ ትዝ አለኝ። ጡረታ ስወጣ የተረፈኝን ይዤው መጥቻለሁ። ሁለት ፍሬ ፈጭቼ ዱቄቱን በቱቦዎቹና በሁለቱ ካርቡራቶሮች ላይ በሙሉ ነሰነስኩት፤ ሠርግ የምትሄድ ሙሽራ መሰሉ። መዝጊያውን በጣም በትንሹ ከፍቼ ዓይኔን ሳልነቅል ተጠባበቅሁ። ነጩ ዱቄት መጀመሪያ የጠቆረው ቱቦው ካርቡራቶሩን በሚነክስበት አንገት ላይ ነው። ቀጥሎ የቀኙ ካርቡራቶር በአፉ መትፋት ጀመረ። ከእሱ ኋላ የግራው ትርፍ ማፍሰሻ ቀዳዳ ረጠበ። ዘጋሁት።

"ሦስት ቦታ ነው፣ ዘውዱ።"

ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ ላይ ላብ አለ፣ ሆኖም ዓይኑ ነቅቷል፤ ያን ጧት እንዲህ ነቅቶ አላየሁትም። "ቀላሉን... አስቀድሚ" አለኝ።

ቀላሉ ቱቦው ነበር። ጫፉ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ የተሰነጠቀውን በምላጭ ቆርጬ ጤነኛውን ጫፍ ገፍቼ አስገባሁት፣ በሽቦ አሰርኩት። የግራውን ካርቡራቶር ሆድ በካቻቢቴ ፈታሁት። ቤንዚኑ ቆሞ ቆሞ ወደ ሙጫ ተለውጧል፤ መርፌዋ ሥር እንደ ማር ሰፈፍ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። በጀሪካኑ ክዳን ቤንዚን ቀድቼ፣ የነጠላዬን ጫፍ ነክሬ፣ መርፌዋንና የምትቀመጥበትን ቀዳዳ እስኪያብረቀርቅ ጠረግሁ። መልሼ ገጠምኩት። አንዷ ብሎን ከጣቴ አምልጣ አፈር ውስጥ ስትጠፋ አያ መልኬ በጉልበታቸው ተንበርክከው በመዳፋቸው እያበጠሩ ፈለጓት። ከኮረብታው ተኩስ ተሰማ። ማናችንም ቀና አላልንም።

"አገኘኋት! ምነው ይኸ ሁሉ ነገር በዚህች ቅንጣት ላይ ተንጠለጠለ?" አሉ።

የቀኙን ስፈታው ዘውዱ "አራግፊያት... ጆሮሽ ጋ" አለኝ። የነሐሷን ተንሳፋፊ ነቅዬ በጆሮዬ ሥር ነቀነቅኋት። ጭልቅ ጭልቅ ትላለች። ባዶ መሆን ያለባት ሆዷ ቤንዚን ገብቶበታል፤ ከብዳ አትነሣም፣ ካልተነሣች መግቢያውን አትዘጋም። ዘውዱ ትከሻው እየተነሣና እየወደቀ፣ ፈገግ ሊል ሞከረ። "እንደ እኔ... ሆዷን... ውሃ ሞልቶታል።"

"አትናገር፣ ትንፋሽህን አታባክን!"

"ፔርሙሱን... አምጪ።"

ለሻይ ያፈላሁት ውሃ ፔርሙሱ ውስጥ ገና ይፋጃል። ሰሐን ላይ ገልብጬ ተንሳፋፊዋን በጣቴ ደፍቄ ያዝኳት። ጣቴ ተቃጠለ፤ አልለቀቅኋትም። ከመገጣጠሚያዋ ጥግ ቀጭን የአረፋ መስመር ተነሣ፤ ቀዳዳዋ ያቻትና። ውስጧ ያለው ቤንዚን ሲሞቅ በዚያው ቀዳዳ እየተፋ ወጣ። እስክትደርቅ፣ ድምፅ እስክታጣ አራገፍኋት። በደጉ ቀን ቢሆን በእስታኞ፣ በቀለጠ እርሳስ ትበየዳለች፤ አሁን መብራት የለም፣ ቤንዚን በተደፋበት ግቢ እሳት የሚያነድ ደግሞ እብድ ነው።

"ሳሙና" አለ ዘውዱ። "ደረቁን። ቤንዚን... ሳሙና አይበላም።"

የልብስ ሳሙናውን በጥፍሬ ፍቄ፣ በጣቴ አሽቼ፣ ቀዳዳዋ ላይ ጠቀጠቅሁት። ደጋግሜ። ስትገጠም ሳሙናው እንዳይነካ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ መለስኳት። የቀረውን ቤንዚን ጨመርን፣ ጠመኔውን ዳግም ነሰነስን፣ መዝጊያውን ከፈትኩ። ሦስታችንም ዱቄቱ ላይ አፈጠጥን። ነጩ ነጭ ሆኖ ቆየ።

"ሸጋ!" አሉ አያ መልኬ።

ማስነሻውን ብረግጠው አልተነሣችም፤ የእኔ ጉልበት ያረጀ ጉልበት ነው። አያ መልኬ በቁልቁለቱ የግቢያችን መንገድ ገፏት፤ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ አስነጠሰች፣ ተንፈቀፈቀች፣ ተነሣች። ድምፁን ስሰማ ከደስታ ይልቅ ፍርሃት ነው የያዘኝ፤ አገር ምድሩ ሰማን። አዙሬ ወደ መጋዘኑ በር መለስኳትና ዘውዱን ከኋላዬ አስቀመጥነው። ሊናገር ፈለገ፣ በእጁ "አይ፣ አይ" የሚል ምልክት አሳየኝ፤ እኔ ያሳመምነው መሰለኝና "ቻለው፣ ቻለው" አልኩት። አያ መልኬ በጋቢያቸው ከእኔ ጋር አንድ ላይ ጠፍረው አሰሩት። ራሱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። የደረቱ መፍላት በጀርባዬ ይሰማኛል።

"እመ ብርሃን ትከተልሽ" አሉ።

ከአዘዞ ወደ ጎንደር ያለውን መንገድ በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደሄድኩበት አላውቅም። ያን ዕለት ግን መንገዱ የማላውቀው ነበር። ሱቁ ሁሉ ዝግ፣ የባጃጅ ማቆሚያው ባዶ፣ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። በድንጋዮቹ መሐል እየተሹለከለክሁ እናገራለሁ። "ዘውዱ፣ ሰማኸኝ? ተንፍስ። ዘውዱ።" አንዳንዴ ያቃስታል፤ ያ መልስ ነበር።

ሽንታ ሰፈር ሳንደርስ መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ጠመንጃ ያነገበ ለጋ ወጣት ከድንጋይ ክምር ኋላ ወጣ።

"አጥፊያት! ሞተር ክልክል ነው፣ አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ ልጄ። ታማሚ ይዣለሁ። ካጠፋኋት አትነሣም።"

"አጥፊያት አልኩ!"

ቁልቁል አየሁ። የቀኙ ካርቡራቶር ረጥቧል። ንቅናቄው ሳሙናውን አላልቶታል። ጠብታው ወደ ጋለው ብረት እያዘነበለ ነው። እጄን ዝቅ አድርጌ መዝጊያውን ዘጋሁት። ሞተር መዝጊያው ሲዘጋ ወዲያው አትጠፋም፤ በካርቡራቶሩ ሆድ የቀረውን እስክትጨርስ ትሄዳለች። እሷም ጥቂት ናት። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከአፌ ወጣ።

"ቤንዚኔ እያለቀ ነው! ወይ ሁለታችንንም ምታን፣ ወይ ገመዱን አንሣ!"

ልጁ ክው አለ። ከኋላው አንድ ጎልማሳ፣ እሱም ጠመንጃ የያዘ፣ ቀስ ብሎ መጣ። እኔን አላየም። መዳፉን ዘውዱ አፍንጫ ሥር አስጠግቶ ቆየ። ፊቱ ተለወጠ። ዞሮ ገመዱን ራሱ ፈታው። "እለፊ እናቴ፣ ፈጠን በይ" አለኝ። አመሰግናለሁ ለማለት አልቆምኩም።

መዝጊያውን እየከፈትኩና እየዘጋሁ ነበር የሄድኩት፤ ስትጠማ አጠጣታለሁ፣ ስትሞላ እዘጋባታለሁ። ዳገቱ ሲጀምር ግን ታንከሩ ተሟጠጠ። ተንፈቀፈቀችና ቆመች። ሁለት እግሬን መሬት ላይ ተክዬ የሁለት ሰውና የአንድ ብረት ክብደት ያዝኩ። መውረድ አልችልም፤ ከወረድኩ እሱ አብሮኝ ይወድቃል። ግራ ቀኝ ያሉት በሮች ዝግ ናቸው።

"የሰው ያለህ!" አልኩ። "የሰው ያለህ!"

መጀመሪያ የተከፈተው አንድ የቆርቆሮ በር ነው። አንዲት ሴት ሊጥ በእጇ እንደያዘች ወጣች፤ ቀጥሎ ሌላ በር፣ ሌላ ሴት። አንድ ቄስ ቆባቸውን እያስተካከሉ መጡ። ማንም ማንን አልጠየቀም። ሴቶቹ ከኋላ፣ ቄሱ ከጎን ሆነው ገፉን። እኔ መሪውን ብቻ ይዤ አለቅሳለሁ፤ እነሱ ዳገቱን እያቃሰቱ "አይዞሽ፣ ደረስን" ይላሉ። ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ገፍተውን፣ የጋቢውን ቋጠሮ ፈትተው፣ ዘውዱን በቃሬዛ ላይ አስተኝተው፣ ተኩሱ ሳይበረታ ወደ ቤታቸው ሮጡ።

ኮሪደር ላይ ነው ያስተኙት፤ አልጋ ሞልቷል። ኦክስጅን ግን ነበር። መርፌ ወጉት፣ ቱቦውን አፍንጫው ላይ አደረጉለት። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ እጁን ያዝኩ። ወደ ከሰዓት በኋላ የከንፈሩ ጥቁረት ቀስ እያለ ለቀቀ። ዓይኑን ገልጦ አየኝና ተቆጣ።

"ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?"

"ምን ማለትህ ነው? አንተ አይደለህም ሞተሯን አስነሺ፣ መውጣት ነው ያልከኝ?"

"አንቺን ነው ያልኩሽ! እኔኮ አበቃልኝ ብዬ ነበር። እህትሽ ጋ፣ ቆላ ድባ፣ ሰላም ወደሆነው እንድትሄጂልኝ ነው ያን ሁሉ የለፋሁት። እኔን እዚያው ትተሽ።"

ያን ጧት ትንፋሽ የሌለው ሰው ትንፋሹን ቃል በቃል እየቆነጠረ የሰጠኝ ራሱን ለማዳን መስሎኝ ነበር። ሲያስሩት በእጁ "አይ፣ አይ" ያለውም ለዚህ ነበር።

"ትቼህ?" አልኩት።

"ሞኝ" አለኝና ዓይኑን ጨፈነ።

መንገዱ ሲከፈት ልጃችን መጥቶ ወደ ቤት መለሰን። ሞተሯንም በጭነት መኪና አምጥቶ መጋዘኑ ውስጥ አስገባት፤ ዘውዱ ከዚያ በኋላ አልነካትም። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ክረምት ኖረልኝ። ክረምቱን ሙሉ ግን ተቆጣኝ። ክኒኑን ስሰጠው "አንድ ጥይት ቢያገኝሽስ?" ይላል። ሾርባ ሳጎርሰው "ቤንዚኑ ቢቀጣጠልስ? ሁለታችንም ተቃጥለን ነበር" ይላል። አያ መልኬ ወደ ጭልጋ ሊመለሱ ሊሰናበቱን ሲመጡ እሳቸውንም "አንቱ ሽማግሌ፣ እንዴት ከእሷ ጋር ያስሩኛል?" ብሎ ገሠጻቸው። እሳቸው ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። "ለቁጣ የሚሆን ትንፋሽ ካለህ ጸሎት አድርስበት" እለው ነበር።

ጥቅምት ገባ። ግቢው ውስጥ ለስላሳ ፀሐይ ላይ አውጥቼው እግሩን በለብታ ውሃ እያጠብኩት ነበር።

"ትርንጎ።"

"አቤት።"

"ያን ቀን እሺ ብለሽኝ ሄደሽ ቢሆን..."

"ደግሞ ጀመርከን?"

"ቆዪ፣ አስጨርሺኝ። ሄደሽ ቢሆን፣ ይህን ክረምት ማንን እቆጣ ነበር?"

ቀና ብዬ አየሁት። በከንፈሩ ጥግ እየሳቀ ነበር፤ ያ ቅዳሜ ቅዳሜ የማውቀው ሳቅ። እኔም ሳቅሁ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ። ፎጣ ላመጣ ገባሁ። ስመለስ አገጩ ደረቱ ላይ ወርዶ፣ እግሩ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ነበር። ጠራሁት። ደግሜ ጠራሁት።

አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል። ክኒኔን ብረሳ፣ ምሳዬን ብዘል፣ ካፊያ ላይ ያለ ጃንጥላ ብወጣ፣ የሚቆጣኝ ሰው የለም።